የመጀመሪያው የዠንግዡ ሌይኦቨር፦ ለአንድ አዲስ የጭነት አውሮፕላን ረዳት አብራሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ካፒቴን፣ ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ የቦይንግ 777 ጭነት አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ሆኛለሁ። የመጀመሪያው የቻይና በረራዬ ወደ ዠንግዡ ነው። ሌሊቱን በርረን በቻይና ሰዓት 10:00 ገደማ ሆቴል እንገባለን፤ የምንወጣው በማግስቱ 21:00 ላይ ነው። ከተማውን አላውቀውም፣ ቋንቋውንም አልችልም። ቴሌግራም እዚያ አይከፍትም፣ ጥሬ ገንዘብም የሚቀበል የለም ይሉኛል። ጾም ላይም ነኝ። ያንን 35 ሰዓት እንዴት ብጠቀምበት ይሻላል ይላሉ?»

ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ስለ ስልኩም፣ ስለ ገንዘቡም፣ ስለ ጾሙም እመጣበታለሁ። ግን የጠየቅከኝ ስለ ሰዓቱ አጠቃቀም ስለሆነ ከእንቅልፍ እጀምራለሁ። አዳዲስ ረዳት አብራሪዎችን ስለ ድካም አያያዝ ሳስተምር ደጋግሜ የምለው አንድ ነገር አለ፦ የጭነት በረራ ሌይኦቨር (በሁለት በረራ መሃል ከቤት ርቆ የሚታረፍበት ጊዜ) የሚታቀደው ከመመለሻው ማረፊያ ሰዓት ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው።

እስቲ ያንተን እንቁጠረው። ሰዓቱን ሁሉ በ24 አቆጣጠር እጽፍልሃለሁ። 21:00 ላይ ከሆቴል ወጥታችሁ፣ ጭነቱ አልቆ፣ ፈቃድ ተገኝቶ 23:30 አካባቢ ተነሳችሁ እንበል። ልዩነቱ 5 ሰዓት ነውና ያ በአዲስ አበባ 18:30 ነው። አሥር ሰዓት ያህል በርራችሁ ቦሌ የምታርፉት 04:30 አካባቢ ይሆናል። የሰው ሰውነት ደግሞ ከ02:00 እስከ 06:00 ባለው ጊዜ ሙቀቱም ንቃቱም ከቀኑ ሁሉ ዝቅ ይላል። 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለውና በተራራ ወደተከበበው ቦሌ የምትወርደው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ዠንግዡ ውስጥ የምታደርገውን ሁሉ በዚያች የመጨረሻ ግማሽ ሰዓት መዝነው።

ይህን የምልህ በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2013 የዩፒኤስ በረራ 1354፣ ኤርባስ ኤ300 የጭነት አውሮፕላን፣ ጎህ ሳይቀድ አላባማ ውስጥ በርሚንግሃም ለማረፍ ሲወርድ ማኮብኮቢያው ጋ ሳይደርስ ወደቀና ሁለቱም አብራሪዎች ሞቱ። የአሜሪካው የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ዋና ምክንያት ያለው ያልተረጋጋውን አፕሮች (ለማረፍ የሚደረገውን አወራረድ) አለማቋረጣቸውን ነው። ካፒቴኑ ላይ ከታዩት ጉድለቶች ጀርባ ድካም ሊኖር እንደሚችል ጠቅሷል። ስለ ረዳት አብራሪዋ ግን በግልጽ ነው የጻፈው፦ እንቅልፍ አጥታ ነበር፣ ያም የመጣው የእረፍት ሰዓቷን በአግባቡ ባለመጠቀሟና ከሰዓቱ ሌሊትነት ነው። ዘገባውን ከመሄድህ በፊት አንብበው። ሁለቱም ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

እንግዲህ ወደ ዕቅዱ። 10:00 ላይ ሆቴል ስትገባ ለሰውነትህ ገና 05:00 ነው፤ ሌሊቱን ቆሞ አድሮ ሲነጋ ቤቱ እንደሚገባ ዘበኛ ነህ። ውጭ ፀሐይ አለ፣ አዲስ ከተማ ነው፣ ደስታው ራሱ ያልደከመህ ያስመስልሃል። አትመነው። ታጠብ፣ ቀለል ያለ ነገር ቅመስና ተኛ። 15:00 ላይ በአላርም ተነስ፤ ከዚያ ካሳለፍክ የማታውን እንቅልፍ ታበላሻለህ። ከ16:00 በኋላ ያለው ምሽት የከተማው ነው።

ማታ የአገሬው ሰው በሚተኛበት 22:00 ላይ ለመተኛት አትታገል። ላንተ ገና 17:00 ነው፣ ጣሪያ ስታይ ታመሻለህ። ያን ጊዜ ቤተሰብህ ከሥራ እየገባ ስለሆነ ደውልላቸው። 02:00 ላይ ጋደም በልና 10:00 ተነስ። ይህ በአዲስ አበባ ከ21:00 እስከ 05:00 ነው፤ ሰውነትህ የሚያውቀው ሌሊት እሱ ነው። በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ወደ ቻይና ሰዓት እዞራለሁ ብትል ግማሽ መንገድ ላይ ሳለህ የመመለሻህ ሰዓት ይደርሳል፤ ሁለቱንም ሰዓት ታጣለህ። በማግስቱ 17:00 ላይ ደግሞ እንደገና ተኛ፣ 19:30 ተነስ። የአዲስ አበባ ምሳ ተበልቶ ዓይን የሚከብድበት ሰዓት ስለሆነ ብዙም አያስቸግርህም። እንቅልፍ እንኳ እምቢ ቢልህ ስልኩን አርቀህ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ዓይንህን ጨፍነህ ቆይ። ቡናህንም በመጀመሪያው ቀን ከ18:00 በፊት ጨርስ። በየምግብ ቤቱ የሚቀርበው አረንጓዴ ሻይም ካፌይን እንዳለው አትርሳ።

ስለ ክፍሉ ሦስት ነገር ልጨምር። መጋረጃው መሃሉ ላይ ብርሃን ካስገባ ቁም ሳጥን ውስጥ ካለው የሱሪ መስቀያ መቆንጠጫ ያለውን አውጥተህ ሁለቱን ጫፍ አያይዘው። ክፍል ስትቀበል ከሊፍት የራቀና የማይጨስበት እንዲሆን ጠይቅ። ሪሴፕሽን ላይ ቀስቅሱኝ ስትል ደግሞ ሰዓቱን በ24 አቆጣጠር ጽፈህ ስጣቸው፤ «ሁለት ሰዓት» ማለት ለእኛና ለእነሱ የተለያየ ነው፣ እንቅልፍ በተጫነው አንደበት ስህተቱ በቀላሉ ይመጣል። በብርዱ ወራት፣ ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 15፣ የከተማው ማሞቂያ ስለሚለቀቅ አየሩ ጉሮሮ ያደርቃል፤ እርጥብ ፎጣ ወንበር ላይ ዘርግተህ ተኛ።

አሁን ደግሞ በስልጠና ላይ የማይነሳውን ላንሳ። ሆቴል እንደገባችሁ ካፒቴኑ «ና፣ ምሳ በልተን ገበያ ዞር ዞር እንበል» ሊልህ ይችላል። አዲስ ነህ፣ ታላቅህ ነው፣ እምቢ ማለት ነውር ይመስልሃል። እንዲህ በለው፦ «ካፕቴን፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ልተኛና 16:00 ላይ ሎቢ እጠብቅዎታለሁ»። ደህና ካፒቴን በዚህ አይቀየምህም፤ እኔ እንዲያውም እንዲህ የሚለኝን ረዳት አብራሪ አብልጬ አምነዋለሁ።

ወረቀቱ ላይ ጠንቀቅ በል። በቻይና ሕግ የውጭ አገር የበረራ ሠራተኛ ቪዛ ባይኖረውም በድንበር ላይ ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል፤ ይህ ግን ማረፊያው ላለበት ከተማ የሚሰጥ ነው። የገባኸው በቪዛ ይሁን በዚህ ፈቃድ የጣቢያ ተወካያችሁን ሳትጠይቅ በፈጣን ባቡር ወደ ሌላ ከተማ እንዳትሄድ። ፓስፖርትህን ይዘህ መንቀሳቀስም ግዴታ ነው። ሆቴሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ያስመዘግብሃል፤ ጓደኛ ቤት ልደር ብትል ግን ምዝገባው የአንተና የባለቤቱ ዕዳ ይሆናል። እደርበት በተባለው ሆቴል እደር።

ሰው የሚልክብህንም ዕቃ በሚመለከት ልለምንህ። ጫት በቻይና እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በቁጥጥር ሥር ያለ አደገኛ ዕፅ ነው፣ ከነዱቄቱ። እኛ ጋ በየመንደሩ የሚሸጥ ስለሆነ ሰው ሳይከብደው «ሻይ ቅጠል ነው፣ ለወንድሜ አድርስልኝ» ይልሃል። የማንንም እሽግ አትቀበል፣ የዘመድም ቢሆን። እናትህ የምትቋጥርልህም ስንቅ ቢሆን ይታይ፦ ቋንጣና ቅቤ፣ በአጠቃላይ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ፣ ወደ ቻይና ይዞ መግባት የተከለከለ ነው። ድንበር ላይ ያስጥሉሃል፤ ከዚያ የሚከፋው ዩኒፎርም ለብሰህ መጠየቅህ ነው።

ስልክህን አዲስ አበባ ሳለህ አዘጋጅ። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና የጉግል አገልግሎቶች በሆቴሉ ዋይፋይ አይከፍቱም። ከውጭ ይዘኸው በገባኸው ሲም ሮሚንግ ስትጠቀም ግን መረጃው በሲሙ አገር ኔትወርክ ዞሮ ስለሚያልፍ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራሉ። ዋጋው ውድ ነው፤ ለመልእክትና ለአስቸኳይ ነገር ያዘው። የቻይናዎቹን የመልእክትና የክፍያ መተግበሪያዎች፣ ዊቻትንና አሊፔይን፣ እዚሁ ጫናቸው፤ ማረጋገጫ ኮዱ በኢትዮጵያ ቁጥርህ ስለሚመጣ እዚያ ሄደህ መጀመር ራስ ምታት ነው። ቤተሰብህም አንድ ሰው ዊቻት ይጫን።

ካርታ ላይ አብራሪ የሚገረምበት ነገር አለ። እኛ የምንበርርበት ጂፒኤስ ዓለም አቀፉን የመጋጠሚያ ሥርዓት ይጠቀማል። ቻይና ውስጥ የሚታተም ካርታ ግን በሕግ የተዛባ የራሱ ሥርዓት አለው። ስለዚህ በጉግል ካርታ ላይ የቆምክበት ነጥብ ከመንገዱ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ፈቀቅ ብሎ ሊታይህ ይችላል፤ ወንዝ ማዶ ያለህ ይመስልሃል። አይፎን ካለህ የራሱ የአፕል ካርታ እዚያ ሲከፈት የቻይናውን መረጃ ስለሚጠቀም በትክክል ያሳይሃል። ለሌላው ስልክ የቻይናው ጋኦዴ ካርታ አለ። የሆቴሉን ስም በቻይንኛ የያዘውን ካርድ ሳትይዝ ከበር አትውጣ፤ ባትሪህ ሲያልቅ እሱ ነው ቤትህ የሚያስገባህ።

ስለ ገንዘብ የተነገረህ ግማሹ እውነት ነው። ሰዉ ሁሉ የሚከፍለው በስልክ ነው፣ ጎመን የምትሸጥ እናት ሳትቀር ኮዷን ለጥፋ ትቀመጣለች። ነገር ግን ነጋዴ ጥሬ ዩዋን አልቀበልም እንዳይል ሕጉ ይከለክላል፤ የሚያስቸግረው መልስ ማጣቱ ነው። ስለዚህ ዝርዝር ኖት ያዝ፣ አሥርና ሃያ። እ.ኤ.አ. ከ2023 አጋማሽ ጀምሮ የውጭ ቪዛና ማስተርካርድ ከአሊፔይም ከዊቻትም ጋር ይያያዛል፤ ከ200 ዩዋን በታች ለሆነ ክፍያ የአገልግሎት ክፍያ የለውም፣ ከዚያ ሲበልጥ 3 በመቶ ይወስዳል። ካርድህ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራና ለኢንተርኔት ግዢ የተከፈተ መሆኑን ከባንክህ አረጋግጥ። አሊፔይ ከተከፈተልህ ዲዲ የሚባለው የታክሲ ጥሪም በውስጡ አለ፣ በእንግሊዝኛ ይሠራል። የሜትሮ ትኬትህም እዚያው ነው።

እንግዲህ ከተማው። ዠንግዡ የሄናን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት፤ ትልቅ ያደረጋት ባቡር ነው። ከቤጂንግ ወደ ጓንግዡ የሚወርደውና ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጠው የሎንግሃይ መስመር የሚገናኙት እዚህ ነው። አንተን የሚያመጣህ ደግሞ የአየር ማረፊያው ዙሪያ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2013 የአገሪቱ የመጀመሪያው ብሔራዊ የአየር ማረፊያ ኢኮኖሚ ቀጠና ተብሎ የተሰየመው ቦታ፣ አይፎን የሚገጣጥመው ግዙፉ የፎክስኮን ፋብሪካ ያለበት። (ፋብሪካው እዚያ ስላለ ስልክ ይረክሳል ብሎ የሚያዝህ ዘመድ ካለ አይረክስም በለው።) አየር ማረፊያው ከመሃል ከተማ ወደ 37 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ በሜትሮም ይገባል፤ የማታውን የመጨረሻ ባቡር ሰዓት አስቀድመህ እይ።

ለመጀመሪያው ምሽት የኧርቺን ሐውልት ግንብ አካባቢ እመርጥልሃለሁ። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ማማዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የተሠሩት በፌብሩዋሪ 1923 የሥራ ማቆም አድማ ያደረጉትን የባቡር ሠራተኞች ለማሰብ ነው። ሲመሽ መብራት ይለብሳሉ፣ ዙሪያው ገበያና ምግብ ቤት ነው፣ ሰው ስለሚበዛ ብቻህን ብትሆንም አይከብድህም። በማግስቱ ከ11:30 እስከ 15:30 ሄናን ሙዚየም ግባ። ሰኞ ዝግ ነው፣ መግቢያው ነፃ ሆኖ በፓስፖርት አስቀድሞ መያዝ ይፈልጋል፤ ሪሴፕሽኑ ይርዳህ። እዚያ ጂያሁ ከተባለ ቦታ የተገኘ፣ ከወፍ ክንፍ አጥንት የተሠራ የ8,000 ዓመት ገደማ ዋሽንት አለ። ቀዳዳዎቹን ጠጋ ብለህ እያቸው፤ ከአንዳንዶቹ አጠገብ ያለች ትንሽ ምልክት ወይም ጭረት ሠሪው ቦታውን ለክቶ እንደበሳ ታሳይሃለች። እኔ እዚያ መስታወት ፊት ቆሜ ዋሽንት የሚነፋ እረኛ ያስታወሰኝ ብዙ ጊዜ ነው። የሻኦሊን ገዳም ግን ለዚህ ጉዞ ይቅርብህ። ዴንግፌንግ ድረስ መሄድና መመለስ ቀኑን ይበላዋል፣ የ17:00ውን እንቅልፍ ይነጥቅሃል።

የምትሄደው በጁላይ ወይም በኦገስት ከሆነ ደመናውን እንደ አብራሪ እየው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 2021 ዠንግዡ ላይ በአንድ ሰዓት ብቻ 201.9 ሚሊ ሜትር ዘንቦ ሜትሮው ውስጥ ሰዎች ሞተዋል። ከባድ ዝናብ ማስጠንቀቂያ ካለ ከሆቴሉ አትራቅ።

ወደ ጾሙ ልመለስ። ሄናን የስንዴ አገር ስለሆነ በእንፋሎት የበሰለ ዳቦና ኑድል በየጥጉ አለ። ግን የከተማዋ ዝነኛ ምግብ ሁይሚያን፣ ያ ሰፊ በእጅ የተጎተተ ኑድል፣ የሚቀርበው በበግ አጥንት መረቅ ነው። ቁርስ ላይ ሁሉ የሚጠጣው ቁንዶ በርበሬ የበዛበት ሾርባ ሁላታንግም ብዙውን ጊዜ በሥጋ መረቅ ነው የሚሠራው። ለጾም የሚሆንህ በቀጭኑ ተከትፎ በኮምጣጤና በቃሪያ የተጠበሰ ድንች፣ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ጎመን፣ ቶፉ፣ ደርቆ የተቆላ ኦቾሎኒ ነው። «ሥጋ አልበላም» ብቻ ብትላቸው ሥጋውን ለቅመው መረቁን ያመጡልሃል። አዲስ አበባ ሳለህ ቻይንኛ በሚችል ሰው «ሥጋ፣ የአጥንት መረቅ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የአሳማ ስብ አይግባበት» የሚል አጽፈህ ፎቶውን ስልክህ ላይ አስቀምጥ። የቡድሂስቶች የጾም ምግብ ቤት ካገኘህማ ሐሳብህ ይቀላል። ለሙስሊም ጓደኞቻችን ደግሞ ዠንግዡ ደግ ከተማ ናት፦ ጓንቼንግ የሚባል የሁይ ሙስሊሞች ወረዳ አላት፣ ሰሌዳው ላይ «清真» (ቺንግዠን) የሚል የቻይንኛ ጽሑፍ ያለው ቤት ሐላል ነው። እስከ 15:00 ሳትቀምስ የምትጾም ከሆነ ስለ በረራ ቀን ከነፍስ አባትህ ጋር አስቀድመህ ተነጋገር። ባዶ ሆድና የሌሊት በረራ አብረው አይሄዱም። ውሃ ከቧንቧ አትጠጣ፤ ክፍልህ ውስጥ ማፍያ አለ።

ጉንፋን ቢይዝህ ፋርማሲ ገብተህ በራስህ አትግዛ። ብዙ ሰው የሚገዛው ጋንማኦሊንግ የተባለ እሽግ የባህል ቅጠል ብቻ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ፓራሲታሞልና ክሎርፌናሚን አለበት። ክሎርፌናሚን እንቅልፍ የሚያስይዝ መድኃኒት ነው፣ ወስዶ መብረር ክልክል ነው። ማሁዋንግ (ኤፌድራ የተባለው ተክል) ያለበት የባህል መድኃኒት ደግሞ በዕፅ ምርመራ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳብህ ይችላል። የምትወስደውን ሁሉ የበረራ ሐኪምህን ጠይቀህ ከቤት ይዘህ ሂድ። ባይጂዩ የሚባለውን መጠጥ ማንም ቢጋብዝህ አትቅመስ፤ ብዙው ከ50 በመቶ በላይ አልኮል ያለበት ነው፣ በ35 ሰዓት ሌይኦቨር ውስጥ ቦታ የለውም።

የመጨረሻው ነገር መዘግየት ነው፣ በጭነት በረራ የተለመደ ስለሆነ። ጭነቱ ከጉምሩክ አልወጣም፣ ወይም የአየር ክልሉ ተጨናንቆ የመነሻ ሰዓት አልተሰጠም ይባልና 20:00 ላይ ስልክህ ይጮሃል፦ «መውጫችሁ ወደ 01:00 ተዛውሯል»። ያኔ ሎቢ ወርደህ አትቀመጥ፣ ገበያም አትውጣ። ልብስህን አውልቀህ ተመልሰህ ተኛ፣ አላርምህን አድስ። ነቅተህ የምትቆይበትን ሰዓት ከዚያ አንስተህ ቁጠር፤ ማረፊያችሁ ከ08:00 በኋላ የሚሆን ከሆነ ድካሙ ሌላ መልክ አለው፣ ከካፒቴኑ ጋር ተነጋገሩበት። ጊዜ ካለህ የቻይናውን የሜትር ከፍታ ሰንጠረዥ አንድ ጊዜ ተመልከታት፤ ወደ ምዕራብ ስትመለሱ 10,400 ሜትር ቢሏችሁ 34,100 ጫማ ነው፣ በራስህ አታባዛ፣ ከሰንጠረዡ አንብብ።

ወደ አውሮፕላኑ በሚወስዳችሁ መኪና ውስጥ ለካፒቴኑ ባለፉት 24 ሰዓታት ስንት ሰዓት እንደተኛህ ሳይጠይቅህ ንገረው፣ እሱንም ጠይቀው። ያልተኛህ ከሆነ «ትንሽ ነው የተኛሁት፣ የመጀመሪያውን እረፍት ለእኔ ስጡኝ» በል። ከኮክፒቱ ጀርባ ያለው አልጋ የተሠራው ለዚህ ነው። እረፍቱ ቢሰጥህም እንደማትችል ከተሰማህ አልችልም በል፤ ደክሞት የቀረን አብራሪ ተክቶ የሚሄድ ሰው ይፈለግለታል።